ወፍራም ድመት ስትቀንስ በቀን ስንት ጊዜ ትብላ? እናቴ «ትጹም» ብላለች

ባለሻሼ (የካቲት 9 ቀን 2017)
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዲስ ዓለም ነው። ሻሼ የምትባል የስድስት ዓመት ድመት አለችን። እህቴ አዲስ አበባ ነው ያሳደገቻት፤ እንዳትወልድም አሠርታታለች። አዲሷ አከራይዋ «ድመት ቤቴ አይገባም» ሲሏት ከነምግብ ከረጢቷ ላከችልን።

የመጣች ጊዜ 4 ኪሎ ተኩል ነበረች። ዛሬ ጠዋት ቅቤ የሚነግዱት ጎረቤታችን ሚዛን ላይ በዘንቢል አስቀምጬ፣ የዘንቢሉን ቀንሼ ብመዝናት 7 ኪሎ ከ200! ሴትዮዋ «ለዓውደ ዓመት ነው የምታደልቢያት?» ብለው ሳቁብኝ። ጀርባዋን መላስ ስላቃታት ከወገቧ በታች ጠጉሯ ተቋጥሯል። አልጋ ላይ ለመውጣት ሁለቴ ሦስቴ ትሞክራለች።

ጥያቄዬ በቀን ስንት ጊዜ ላብላት ነው። አንድ የማውቀው ሰው «አንዴ ብቻ» ስላለኝ አራት ቀን ሞከርኩት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ደረቴ ላይ ወጥታ ታለቅሳለች፤ ሳህኑን ሳስቀምጥላት ደግሞ ሳታኝክ ውጣ መልሳ ታስመልሰዋለች። እህቴ በስልክ «ትንሽ ትንሽ አምስት ጊዜ» ትላለች። እናቴ «ጾሙ ሊገባ አይደል፣ አብራን ትጹምና ትክሳለች» ብላ ነገሩን ዘግታዋለች። እስከዚያ ድረስ ደረቁ ምግብ ቀኑን ሙሉ ሳህን ሞልቶ ነበር የሚቀመጥላት፤ ጠዋት ጠዋት እናቴ አንድ ሲኒ ወተት ትሰጣታለች፣ ምሳና ራት ላይ ደግሞ ከገበታው የተረፈው አለ። ማንን ልስማ?

ጃንተከል (የካቲት 9)
ድመት የሚቀለበው ከመቼ ወዲህ ነው? አታብሏት፣ አይጥ ትይዛለች። አያቴ ቤት የነበረችው ድመት ከሰው እጅ ቁራሽ ሳትቀበል ነው ያረጀችው።

ዓፄዎቹ (የካቲት 9)
ጃንተከል፣ 7 ኪሎ የሆነች ድመት አይጥ ታሳድዳለች? አይጡ ቆሞ ነው ሰላም የሚላት።

ቴዎድሮስ ግቢ (የካቲት 9)
የእንስሳት ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሐኪም ገና አልተባልኩምና በዚያው ልክ አንብቡኝ።

ባለሻሼ፣ በቀን ስንቴ ከማለትሽ በፊት በቀን ምን ያህል በይ። አንድ ሳህን በአንዴ ብትበላውም ለስድስት ከፋፍላ ብትበላውም ያው አንድ ሳህን ነው፤ የሚያወፍራት የቀኑ ድምር ነው። ድምሩን ከለየሽ በኋላ ክፍፍሉ ለእሷ ሆድና ለአንቺ እንቅልፍ እንደሚመች ይሆናል።

ሒሳቡ ይኸውልሽ። የሚሰላው አሁን ባላት ክብደት ሳይሆን ልትደርስበት በሚገባት ነው። ለሻሼ 5 ኪሎ እንበል። 5 ኪሎ የሆነች ድመት ዝም ብላ ተኝታ እንኳ በቀን 234 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ትፈጃለች። እንድትቀንስ ሲፈለግ የዚህ 80 በመቶ ይሰጣል፣ 187 አካባቢ ማለት ነው። ደረቅ የድመት ምግብ በ100 ግራም ከ350 እስከ 400 ይይዛል፤ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል፣ አንብቢው። የእናትሽ አንድ ሲኒ ወተት ብቻውን ወደ 45 ስለሚጠጋ ከሻሼ ቀን ሩቡን ይወስዳል ማለት ነው። ደግሞ ያደገች ድመት ወተት ብዙ ጊዜ አይስማማትም፤ ሆዷን ያላላዋል።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፦ ድመት ጎሽ ጥላ ሦስት ቀን የምትተኛ አንበሳ አይደለችም። ምግቧ አይጥ ነው፤ አንዲት አይጥ ደግሞ ብትበዛ 30 ኪሎ ካሎሪ ናት። ስለዚህ የተሠራችው በቀንም በሌሊትም ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት እንድትበላ ነው። አራት ጊዜ አድርጊላት፦ ጠዋት 1፣ ቀን 7፣ ማታ 12፣ የመጨረሻዋን አንቺ ልትተኚ ስትይ 4 ሰዓት። የሌሊቱን ልቅሶ የምታስቆመው ይቺ የ4 ሰዓቷ ናት። ሥራ የሚያስወጣሽ ከሆነ ሦስት ጊዜም ይበቃል። አንዴ የሚባለውን ግን ተዪው፤ ውጣ ያስመለሰችውም ለዚያ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ጃንተከል «አታብሏት» ያለው ለወፍራም ድመት አደገኛ ነው። ወፍራም ድመት ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ ከዋለች ሰውነቷ ስቡን እየፈታ ወደ ጉበት ይልካል፤ ጉበቷ ያን ሁሉ መቋቋም ያቅተውና ራሱ በስብ ይሞላል። ድድዋና የጆሮዋ ውስጥ ቢጫ ይሆናል። ካልታከመች ትሞታለች። ስለዚህ በሳምንት ከክብደቷ 1 በመቶ፣ ለእሷ 70 ግራም አካባቢ ብትቀንስ መልካም ነው፤ ከ2 በመቶ በላይ ከሆነ ፈጥኗል። 5 ኪሎ ለመድረስ ሰባት ስምንት ወር ይፈጃል፣ ከአሁኑ እወቂው።

ከመጀመርሽ በፊት የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ክሊኒክ አሳያት። በተለይ ውሃ አብዝታ የምትጠጣና ቶሎ ቶሎ የምትሸና ከሆነ ስኳር ሊሆን ስለሚችል ሳትታይ ምግቧን አትንኪ።

የማራኪ ልጅ (የካቲት 10)
ስለ ጉበቱ የተባለውን እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምግቡን ቀየርኩበት፣ አልበላም አለ፣ «ሲርበው ይበላል» ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስተኛው ላይ ከአልጋ ሥር አልወጣ አለ። ጆሮውን ገልጬ ሳየው እርድ የተቀባ ይመስላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተፈጨ ሥጋ በሥሪንጅ እያጎረስኩ፣ እሱ እየተፋ፣ እኔ እየለመንኩ ነው የዳነው። አሁን ሳህኑን አሽትቶ ከሄደብኝ ሥራዬን ትቼ ነው የምከተለው። ቤተሰቦቼ አብዷል ይሉኛል።

ጃንተከል (የካቲት 10)
እሺ ይህን አላውቅም ነበር። ግን አይጡስ? የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም ሲባል ነው ያደግነው።

ቴዎድሮስ ግቢ (የካቲት 10)
ትይዛለች። ድመት ማደን የምትወደው ስለራባት ብቻ አይደለም፤ ጠግባም ይዛ ተጫውታበት ትተወዋለች። ሻሼን ያቃታት ጥጋቧ ሳይሆን ክብደቷ ነው።

ስም የለሽ (የካቲት 10)
ሰው የሚበላው ባጣበት ጊዜ የድመት ዳየት ታወራላችሁ። ጉድ እኮ ነው።

ባለሻሼ (የካቲት 10)
ወንድሜ፣ ዳየት መቀነስ ነው። ወጪዬን እየቀነስኩ ነው የምታየኝ።

ባለሻሼ (የካቲት 13)
ክሊኒክ ሄድን። ስኳር የለባትም፣ ተመስገን። እግረ መንገዴን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷንም አስከተብኳት። የመረመራት ልጅ ጎኗን በመዳሰስ አስተማረኝ፤ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል። እጃችሁን ዘርግታችሁ በሌላው እጃችሁ የጣቶቻችሁን ጀርባ፣ አንጓዎቹን ዳስሱ፤ የደህና ድመት ጎድን ሲነካ እንደዚያ ነው። መዳፋችሁን ገልብጣችሁ የጣቶቻችሁን ሥር ስትዳስሱ አጥንቱ ከሥጋው በታች ተደብቋል አይደል? ሻሼ እንደዚያ ናት፣ እንዲያውም ተጭኜ ነው ያገኘሁት። ከኋላ እግሯ መካከል የሚንጠለጠለው ቆዳ ግን ከሲታ ድመት ላይም ስለሚኖር በእሱ አትፍረዱ አለኝ።

አሁን ጭንቀቴ ጾሙ ነው። ሰኞ ይገባል። 55 ቀን ቤታችን ሥጋ አይገባም። ደረቁ ምግብ ደግሞ ከአዲስ አበባ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም፣ ያለውን መቆጠብ አለብኝ።

እማማ ቁስቋም (የካቲት 13)
ልጄ፣ እናትሽን አትቆጪ። ድሮ እኛም ቤት ድመቷ የምትበላው እኛ የበላነውን ነበር፤ በጾም ሽሮ፣ በፍስክ ወጥ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ በጾሙ አጋማሽ ላይ ከጎረቤት ጓሮ ጫጩት ይዛ ትመጣለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ? ለእሷ ጾም አልተጻፈላትም። ተያት ትብላ።

ቴዎድሮስ ግቢ (የካቲት 13)
እማማ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከእኔ በተሻለ አስረዱልኝ። እኔ የምጨምረው ምክንያቱን ነው። ድመት ታውሪን የሚባል ነገር ያስፈልጋታል፤ ሰውነቷ በበቂ አይሠራውም፣ አተርና ሽምብራ ውስጥም የለም፤ በዋናነት ያለው ሥጋና አሳ ውስጥ ነው። ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። ካሮት አብልቶ ቫይታሚን ኤ አገኘች ማለትም አይሆንም፣ መለወጥ አትችልም።

ሽሮው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ቢበስልም፣ ቢፈጭም፣ ዱቄት ቢሆንም ያው ነው። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ወጥ አይባልም። ስለዚህ ከገበታ የተረፈ የሚባለው ነገር በጾምም በፍስክም ይቅር። በእንጀራው ላይ ብዙም አልጨቃጨቅ፤ ቁራሽ እንጀራ አይገድላትም፣ ግን ሳይጠቅማት ከ187ቱ ላይ ይበላል።

ባለ ሥጋ ቤት (የካቲት 14)
እኔ ከቅበላ ማግስት ጀምሮ ዝግ ነኝ። የሙስሊም ወንድሞቻችን ሥጋ ቤቶች ግን ይሠራሉ፣ ከእነሱ ግዢ። ቀይ ሥጋ፣ ጮማውን አውጥተሽ። ልብ ከተገኘ ደግሞ ርካሽ ነው፣ ድመትም ይወዳል። ሰው ለድመት ሳንባ ይገዛል፤ አየር ነው እላችኋለሁ፣ ግን ገንዘባችሁ ነው።

ቴዎድሮስ ግቢ (የካቲት 14)
ልብ በታውሪን የታወቀ ነው፣ ጥሩ ምክር። ቀቅላችሁ ስጡ፤ ጥሬ ሥጋ ለድመቷም ለቤተሰቡም ጥገኛ ተሐዋስያን ያመጣል፣ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ከሆነ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ጉበት ግን በሳምንት አንዴ ቁራጭ ትብቃ፤ ሲበዛ ቫይታሚን ኤው ይመርዛል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ፈጽሞ አይሰጥም፣ ይሰነጠቅና ይወጋል።

ዓፄዎቹ (የካቲት 14)
አሳስ? ከጎርጎራ የሚመጣው ቆሮሶ አለ አይደል። አሳ ደግሞ ጾም ነው።

እማማ ቁስቋም (የካቲት 14)
ማነው አሳ ጾም ነው ያለህ?

ዓፄዎቹ (የካቲት 14)
ለድመቷ ማለቴ ነው እማማ! ለድመቷ!

ባለሻሼ (የካቲት 14)
የአሳውን ክርክር እባካችሁ እዚህ አንጀምረው፤ ሦስት ገጽ ይሄዳል። ለሻሼ ቆሮሶ ተፈቅዶላታል፣ እኔ የነፍስ አባቷ ነኝ።

ቴዎድሮስ ግቢ (የካቲት 14)
እንግዲያው ድልድሉ ይኸው፦ 30 ግራም ደረቅ ምግብ (110 ገደማ) እና 60 ግራም አጥንቱ የወጣለት የተቀቀለ ቆሮሶ (77 ገደማ)። ጨውም ዘይትም ሽንኩርትም የለውም። ድምሩ 187 ነው። ደረቁ ምግብ ካለቀብሽ ግን ንገሪኝ፤ አጥንት የሌለው ሥጋና አሳ ብቻ ለወራት ከበላች ካልሲየም ያጥራታል። ያን ጊዜ ክሊኒኩ የሚጨመረውን ይለካልሽ፣ በግምት አትጨምሪ።

ባለሻሼ (የካቲት 16)
30 ግራምን በምን እንደምለካ ቸግሮኝ ነበር፤ የቅቤ ሚዛን ግራም አያነብም። የክብሪት ቀፎ ሞልቼ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ይዤ ሄድኩ። ልጁ መጀመሪያ ያፌዝኩበት መሰለው። 10 ግራም ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ስለዚህ ጠዋት አንድ ቀፎ፣ ማታ 12 አንድ ቀፎ፣ 4 ሰዓት አንድ ቀፎ፣ ቀን 7 ላይ አሳው። አንዱን ቀፎ በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ነው የማደርገው፤ ጎኑን በስቼዋለሁ፣ እያንከባለለች አንድ አንድ ፍሬ ታወጣለች። ድሮ በአንድ ደቂቃ የምትጨርሰውን አሁን ሩብ ሰዓት ይወስድባታል፤ ስፖርትም ሆነላት።

እናቴ ወተቱን ለመተው አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ። ትናንት በቅበላው ሥጋ በሥጋ ሆነን ሳለ ሻሼ ከገበታው ሥር ተቀምጣ ስታየን እኔም አንጀቴ አልቻለም፣ አንዲት ጉርሻ ሰጥቻታለሁ። ተናዘዝኩ።

ባለሻሼ (የካቲት 23)
የሁለት ሳምንት ውጤት፦ 7 ኪሎ ከ50! ሌሊት አታለቅስም። የ4 ሰዓቷ ቀፎ እውነትም ሠራች። ቅቤ ነጋዴዋም «ምነው ከሳች?» ብለው አዘኑላት።

ባለሻሼ (መጋቢት 7)
ግራ ገባኝ። ዛሬ መዘንኳት፣ 7 ኪሎ ከ100። ጨምራለች! አንድ ፍሬ ከድርሻዋ አላስበለጥኩም። እናቴም በልጆቿ ስም ምላለች። ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት ጀምራለች፤ ግን አታለቅስም፣ በሩን ትቧጭራለች፣ ስከፍትላት ትወጣለች። ጠዋት ሳህኗን በሙድ ነው የምትበላው። ሥሌቱ ተሳስቶ ይሆን? ወደ 150 ልቀንስ?

ቴዎድሮስ ግቢ (መጋቢት 7)
እንዳትቀንሺ! መጀመሪያ የምትሄድበትን እወቂ። የራባት ድመት ሳህን አትመርጥም።

የማራኪ ልጅ (መጋቢት 7)
የእኔው ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ አለ። አቦልን እኛ ጋ፣ ቶናን ፊት ለፊት፣ በረካን ጥግ ያለው ቤት ይጠጣል። እያንዳንዱ ቤት «ይህ ምስኪን ድመት የሚያበላው የለም» ብሎ ያምናል።

እማማ ቁስቋም (መጋቢት 7)
10 ሰዓት አልሽ? ከሌሊቱ? ልጄ፣ ረመዳን እኮ ነው።

ባለሻሼ (መጋቢት 9)
እማማ፣ ምን ልበልዎ!

ትናንት ሌሊት ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኳት። በግንቡ ላይ ዘላ (ዘላ! ይህም ለካ ይቻላል) ወደ ቅቤ ነጋዴዋ ግቢ ገባች። የማድ ቤቱ መብራት በርቷል፤ ለሱሑር ተነስተዋል። ሴትዮዋ በሩን ከፍተው «ሚሚዬ፣ ዛሬስ ዘገየሽ» አሏት። እዚያ ቤት ስሟ ሚሚ ነው! በወተት የራሰ ዳቦ በሳህን፣ ከጎኑ የተቀቀለ ሥጋ ቀርቦላታል። ሚዛኑ የእሳቸው፣ «ምነው ከሳች» የሚሉት እሳቸው፣ የሚያደልቧትም እሳቸው።

ጠዋት ሄጄ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡ፤ «በረመዳን የራበው ፍጥረት ደጄ ቆሞ ልመልስ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ምን እመልሳለሁ። ከዚያ ስለ ጉበቱም፣ ስለ ስኳሩም፣ አልጋ መውጣት እንደሚያቅታትም ነገርኳቸው። ሳምቡሳ ሰጥተዋት እንደሆነም ጠየቅኩ። «ከውስጡ ትንሽ» አሉ። ሽንኩርቱን ስነግራቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ቴዎድሮስ ግቢ (መጋቢት 9)
ድድዋን እይ፤ ከነጣ፣ ሽንቷ ከቀላ ወይም ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች ዛሬውኑ ክሊኒክ ውሰጃት። ደህና ከሆነች ለሴትዮዋ ሥራ ስጪያቸው። «አይስጧት» ብትያቸው አይችሉም፣ ማንም አይችልም። የ4 ሰዓቷን ቀፎ ወስደሽ ለእሳቸው አስረክቢ፤ በሱሑር እሷን ይስጧት። አራተኛው ምግብ በ4 ሰዓትም ሆነ በ10 ሰዓት ለሻሼ ልዩነት የለውም፤ ድምሩ ያው 187 ነው።

ባለሻሼ (መጋቢት 9)
ድድዋ ሮዝ ነው። ሰባት የተሞሉ የክብሪት ቀፎዎች በፌስታል አድርጌ ሰጠኋቸው፣ ለሰባት ሌሊት። «እንደ መድኃኒት?» አሉ። እንደ መድኃኒት አልኳቸው።

ስም የለሽ (መጋቢት 10)
ያን ቀን ክፉ ተናግሬ ነበር። ቀጥይ፣ ልብ አንጠልጣይ ሆነብኝ።

ባለሻሼ (መጋቢት 23)
6 ኪሎ ከ950። ኢድም አለፈ፣ ዒድ ሙባረክ ለምታከብሩ። የአዲስ አበባው ከረጢትም በሰላም ደረሰ። የ4 ሰዓቷን ቀፎ ወደ ቤት ልመልሳት ብል ሴትዮዋ እንቢ አሉ፤ «ለሱብሒ እነሳለሁ፣ ሚሚም ለምዳለች» አሉኝ። ተውኩላቸው። እኔም ሌሊቱን ተኝቼ አድራለሁ።

ባለሻሼ (ሚያዝያ 20)
ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ ፋሲካ በሰላም አለፈ፤ በበዓሉ ሳምንት ምንም አልቀነሰችም፣ ምክንያቱን አትጠይቁኝ፣ ዶሮው ብቻ ይናገር። ዛሬ ጠዋት 6 ኪሎ ከ650። አልጋ ላይ በአንዴ ትወጣለች፣ ከወገቧ በታች ያለውንም ጠጉር ራሷ መላስ ጀምራለች። የቋጠረውን ቆርጬላታለሁ፣ ቀሚሷ የተቀደደ መስላለች። አይጥ ገና አልያዘችም። ጃንተከል፣ አንድ ጊዜ ግን ተከትላ ሮጣለች።

ጃንተከል (ሚያዝያ 20)
መሮጧም ትልቅ ነገር ነው።

ባለ ሥጋ ቤት (ሚያዝያ 20)
ተከፍቷል። ልብ አስቀምጬልሻለሁ፣ ሙሉውን።

ቴዎድሮስ ግቢ (ሚያዝያ 20)
60 ግራም!